«ደብል ኢንደምኒቲ» (1944)፦ ጥላው እንዴት ተሠራ? ቅጂው የቱ ይሻላል? አማርኛውስ?

ጥላ ወዳድ

ፊልም ኑዋር (በጥላና በወንጀል የተሞላው የ1940ዎቹ የአሜሪካ ፊልም ዓይነት) በተነሳ ቁጥር ወሬው «ጥላው ያምራል» ላይ ያልቃል። ጥላው ግን ሰው ለክቶ፣ ቆርጦና ጋርዶ የሠራው ነው። ስለዚህ አንድ ፊልም ብቻ ይዘን እስከ ጥጉ እንሂድበት። የቢሊ ዋይልደር «ደብል ኢንደምኒቲ» ይሁን። ፓራማውንት በ1944 ያወጣው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ርዝመቱ 107 ደቂቃ፣ ካሜራው የጆን ሳይትዝ፣ ሙዚቃው የሚክሎሽ ሮዣ። ስክሪፕቱን ዋይልደርና ሬይመንድ ቻንድለር ከጄምስ ኬይን ልቦለድ ላይ አብረው ጻፉት። ለ7 ኦስካር ታጭቶ አንድም ሳያገኝ ቀረ።

ላላየው ሰው፦ ዋልተር ኔፍ የሚባል የኢንሹራንስ ሻጭ ከደንበኛው ሚስት ከፊሊስ ዲትሪክሰን ጋር ተማክሮ ባልየውን ይገድላል። ፖሊሲው 50,000 ዶላር ነው፤ ሞቱ በባቡር አደጋ ከሆነ ግን እጥፉን፣ 100,000 ይከፍላል። የፊልሙ ስም የዚያ አንቀጽ ስም ነው። ገዳዩ ገና ከመጀመሪያው ራሱ ስለሚናዘዝ ይህን ማወቅ የሚያበላሸው ነገር የለም። ከታች ግን መጨረሻውንም እናነሳለን፤ ያላየ አይቶ ይመለስ።

ብርሃኑን የሚያውቅ በብርሃኑ፣ ቅጂ የሚያውቅ በቅጂው፣ ትርጉም የሞከረ በትርጉሙ ይግባ።

የብርሃን ልኬት

ከዲትሪክሰን ሳሎን ልጀምር። ውጪው የሎስ አንጀለስ ፀሐይ፣ ውስጡ ግን በቀን ድንግዝግዝ ነው። ብርሃኑ በብላይንዱ (በመስኮቱ መጋረጃ) አግድም ስስ ሰሌዳዎች መካከል እየተቆራረጠ ገብቶ ግድግዳውና የኔፍ ኮት ላይ መስመር በመስመር ይወድቃል። ብዙ ሰው የእስር ቤት ፍርግርግ ይለዋል። ልክ ነው። ከዚያ በፊት ግን መስመሩ ስለ ቤቱ ይናገራል፤ መስኮቱ የማይከፈት፣ የታፈነ፣ አቧራ የጠጣ ቤት ነው። እውነተኛ አቧራ በካሜራ በቂ ሆኖ ስለማይታይ ሳይትዝ የአሉሚኒየም ብናኝ አየር ላይ እያስነፋ ነበር የሚቀርጸው። ኔፍ ሳሎኑ ውስጥ ሲንጎራደድ ጨረሩን ልብ ብላችሁ እዩት፤ የሚንሳፈፈው ነገር እሱ ነው።

አንዳንዱ «ጨለማው ቁጠባ ነው» ይላል። መነሻው እውነት አለው። ከ1942 ጀምሮ የአሜሪካ የጦርነት ምርት ቦርድ አንድ ፊልም ለዲኮር የሚገዛው አዲስ ዕቃ ከ5,000 ዶላር እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር፤ በጥላ የተሸፈነ ግድግዳ ደግሞ ቀለምም ጌጥም አይጠይቅም። ይህን ፊልም ግን በዚያ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ሁለቱ ተደብቀው የሚመካከሩበትን የምግብ መደብር እዩ። ብርሃኑ ሜዳ ነው፣ ጥላ የለም፣ ቆርቆሮው በቆርቆሮ ላይ ተደርድሯል፣ እናት ልጇን ይዛ በመካከላቸው ታልፋለች። ግድያው የሚወጠነው በፊልሙ ውስጥ ካሉት ብሩህ ቦታዎች በአንዱ ነው። ሳይትዝ ጨለማን የሚያመጣው ሲፈልገው ነው፤ ሲያነሳውም እንደዚሁ።

በኔ ግምት ከብርሃኑ ሁሉ የሚበልጠው አሳብ ግድያው ላይ ያለው ነው። ኔፍ ከኋላ ወንበር ተነስቶ ባልየውን ሲይዘው ካሜራው ወደዚያ አይዞርም። መሪ የያዘችው ፊሊስ ፊት ላይ ይቀራል፤ የምናየው የሚሆነውን ሳይሆን የምትሰማውን ሴት ነው። ፊቷ ላይ የሚለወጠው በጣም ጥቂት ነገር ነው፣ ያ ጥቂት ነገር ደግሞ እንዲታይ ብርሃኑ ሌላውን ሁሉ አጥፍቶላታል።

ሦስተኛ ረድፍ

ይህን የብላይንድ ጥላ አጭር ፊልም ላይ ለመሥራት የሚሞክሩ ብዙ ናቸው። በአብዛኛው የሚወጣው ግን መስመር የሌለው ግራጫ ጉም ነው። ብላይንዱ አለ፣ መብራቱም ጠንካራ ነው። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

የብርሃን ልኬት

የመብራቱ ጉልበት ሳይሆን የመብራቱ ስፋት ነው። የጥላው ጠርዝ ምን ያህል እንደሚደበዝዝ በቀላሉ ይሰላል፦ የመብራቱን ስፋት ከብላይንዱ እስከ ግድግዳው ባለው ርቀት አባዙት፣ ከመብራቱ እስከ ብላይንዱ ባለው ርቀት አካፍሉት።

በቁጥር ስናየው፦ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተራ አምፖል፣ ከብላይንዱ 3 ሜትር፣ ብላይንዱ ከግድግዳው 1.5 ሜትር። ድብዛዜው 3 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። በዚያው ቦታ 60 ሳንቲ ሜትር ሶፍትቦክስ (ብርሃንን የሚያለሰልስ ሰፊ ሳጥን) ብታቆሙ 30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ መስመሩ እርስ በርሱ ተዋጠ ማለት ነው። ስለዚህ ሶፍትቦክሱን አውጡ፣ ጃንጥላውን አውጡ፣ አምፖሉን ራቁቱን ተጠቀሙ፣ ርቀቱንም ጨምሩ። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ መብራቱን ኮሪደር ላይ አቁማችሁ በበር በኩል ላኩት።

የሱቅ ብላይንድ ሰሌዳው ስስ ስለሆነ ለዚህ አይመችም። ከካርቶን ብትሠሩት ይሻላል። 1 ሜትር በ1.20 የሆነ የእንጨት ፍሬም ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 12 የካርቶን ቁራጮች በ5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት አግድም ይለጠፋሉ። ከላይ ባልኩት ርቀት ግድግዳው ላይ የሚወድቀው አንዱ መስመር ከነክፍተቱ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ድብዛዜው 3፤ ያ ነው የሚፈለገው። ካርቶኑን ሁለቱንም በኩል ጥቁር ቀቡት። ነጭ ከተተወ ሰሌዳው ራሱ ብርሃን እያነጠረ ጥላውን ያጥባል።

መብራቱ ከተዋናዩ ዓይን ከፍ ብሎ ወደ ጎን ይሁን። በዓይን ትክክል ካቆማችሁት መስመሩ ፊት ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ ከላይ ሲመጣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ይሰበራል፣ ፊቱም ቅርጽ ያገኛል። ማሟያ ብርሃን (ጥላውን የሚያቀልለውን) አታብዙ። ዋናው ከማሟያው 8 እጥፍ ይሁን፤ በካሜራ አነጋገር 3 ስቶፕ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ግድግዳ ብቻውን ከዚያ በላይ ስለሚመልስ፣ ከካሜራው ውጪ ባለው ግድግዳ ላይ ጥቁር ጨርቅ መስቀል ከማንኛውም ተጨማሪ መብራት ይበልጣል።

ክብሪት

ሁለት ነገር ልጨምር።

አሉሚኒየም ብናኝ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩ። ለሳንባ መጥፎ ነው፣ አየር ላይ የተበተነ ብናኝ ደግሞ እሳት ካገኘው ይፈነዳል። እጣን ይበቃል። ማጨሻው ላይ ጥቂት አድርጋችሁ መስኮቱን ዝጉ፣ ጭሱን በካርቶን አራግቡት፣ ከዚያ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ቶሎ ከቀረጻችሁት ጭሱ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ይታያል፤ ሲረጋ ነው ጨረር የሚሆነው። መብራቱ ከጭሱ ጀርባ ወደ ካሜራው አቅጣጫ ይምጣ። ከካሜራው ጎን ሆኖ ከበራ ጭሱ አይታይም፣ ምስሉ ብቻ ይገረጣል።

ሁለተኛ፣ በስልክ የሚቀርጹ ሰዎች አውቶማቲኩን ያጥፉት። ስልክ ጨለማ ሲያይ ስሕተት ይመስለውና ያበራዋል፣ ጥላው ግራጫ ይሆናል። ትኩረቱንና መጋለጡን ቆልፉ፣ ከዚያ መጋለጡን ወደ ታች ጎትቱት። ኢትዮጵያ ውስጥ መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርጉ፤ አሜሪካ ያላችሁ 1/60። ካልሆነ የኤልኢዲ አምፖል ምስሉ ላይ የሚንከባለል ባንድ ያመጣል፣ ከብላይንዱ መስመር ጋር ሲደራረብ ደግሞ በኤዲቲንግ አይወጣም።

ሦስተኛ ረድፍ

አመሰግናለሁ፣ ስፋቱ ነው ለካ። ወደ ቅጂው ስንመጣ ደግሞ፣ ኢንተርኔት ላይ 103 ደቂቃ የሆነ ቅጂ ይዞራል። 4 ደቂቃ የተቆረጠ ነገር አለ? ኔፍ በሞት የሚቀጣበት የጋዝ ክፍሉ ትዕይንት ይሆን?

ጥላ ወዳድ

አልተቆረጠም። 103 ደቂቃው የአውሮፓ ዲቪዲ ምልክት ነው። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፣ የአውሮፓው ቴሌቪዥን 25። ፍሬም ሳይጨምሩ በ25 ስለሚያጫውቱት 107 ደቂቃው ወደ 103 ይወርዳል። ድምፁም 4 በመቶ ይቀጥናል፤ የሮዣ ሙዚቃ ግማሽ ቃና ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ከፍ ይላል፣ የኔፍ ትረካም የድካም ክብደቱን ያጣል። የምስሉ ይዘት ግን ሙሉ ነው።

የጋዝ ክፍሉ ትዕይንት በየትኛውም ቅጂ የለም። ዋይልደር ኔፍ ሲገደል ቀርጾ ነበር፤ በኋላ ግን አውጥቶ ጣለው፣ ፊልሙም በቢሮው በር ላይ አለቀ። የሚታወቁት የትዕይንቱ ፎቶግራፎች ናቸው። መወሰኑ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። በሩ ላይ ኔፍና የሥራ ባልደረባው ኪዝ ከተባባሉት በኋላ የሚጨመር ነገር የለም።

ሌላ ሰው የሚያደናግር ነገር፦ ፊልሙን የሠራው ፓራማውንት ሆኖ ሳለ ዲስኩ ላይ የዩኒቨርሳል ምልክት ይወጣል። የፓራማውንትን ከ1950 በፊት ያሉ የድምፅ ፊልሞች ኤምሲኤ የተባለ ኩባንያ በ1958 ስለገዛቸውና ኤምሲኤ በኋላ ከዩኒቨርሳል ጋር አንድ ስለሆነ ነው። የሐሰት ቅጂ ምልክት አይደለም። አሁን ካሉት የምመርጠው ክራይቴሪየን የተባለው የዲስክ አሳታሚ በ2022 ያወጣውን 4ኬ ነው።

የብርሃን ልኬት

ጥሩ ቅጂ ይዞ በመጥፎ ቴሌቪዥን አቀማመጥ ማየት ግን ከንቱ ነው። መጀመሪያ የምስሉን ቅርጽ እዩ። ፊልሙ ስፋቱ ከቁመቱ 1.37 እጥፍ ነው። 1080 ቁመት ባለው ስክሪን ላይ ምስሉ 1480 ፒክስል ያህል ወርድ ይይዛል፣ ግራና ቀኝ 220 220 ፒክስል ጥቁር ይቀራል። ጥቁሩ ጠፍቶ ስክሪኑ ከሞላ ወይ ሰው ሁሉ ወፍሯል፣ ወይ ከላይና ከታች ተቆርጧል። ኮፍያ በሚደረግበት ፊልም ከላይ መቆረጥ ትልቅ ጉዳት ነው።

ቀጥሎ የጥቁሩ ደረጃ። ማጫወቻው ከ16 እስከ 235 ባለው ክልል እየላከ ቴሌቪዥኑ ከ0 እስከ 255 ከጠበቀ ጥቁሩ ሁሉ አመድ ይሆናል። «ጥላው የለም» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ጥቁሩ ይደፈናል፤ የኔፍ ኮትና ከኋላው ያለው ግድግዳ አንድ ጉድጓድ ይሆናሉ። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ምስሉ ሙሉ በሙሉ በሚጨልምበት ቅጽበት ስክሪኑ ጥቁር ነው ወይስ ይጨሳል? ከዚያ ሌሊት ቢሮው ውስጥ ኔፍ የድምፅ መቅረጫው ላይ ሲናዘዝ የኮቱን እጥፋት ከጨለማው መለየት ይቻላል? ሁለቱም ካለፉ ደህና ነው።

ሻርፕነስን ወደ ዜሮ፣ «ሞሽን» የሚባለውን ማለስለሻ አጥፉ፣ ዳይናሚክ ኮንትራስትንም አጥፉ። ቅንጣቱ (ግሬይኑ) የፊልሙ ሥጋ ነው፤ ኖይዝ ሪዳክሽን ሲነካው ፊት ሰም ይሆናል። 700 ሜጋባይት ላይ የተጨመቁትን ድሮ ቅጂዎች ደግሞ ተዉአቸው። መጭመቂያው መጀመሪያ የሚቆጥበው ጨለማው ላይ ነው፣ ጥላው ካሬ ካሬ ሆኖ ይንቀጠቀጣል።

ፊደል ቆጣሪ

ወደ አማርኛው ልምጣ። ይህን ፊልም መተርጎም ከባድ የሚሆነው እንግሊዝኛው ስለፈጠነ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ያለፈውን አማርኛ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ» ብሎ መወሰን አለበት፤ እዚህ ፊልም ላይ ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው አደጋ የሚጀምረው ከዚያች ውሳኔ ነው።

መጀመሪያ ጉብኝት ላይ ኔፍ «ወይዘሮ ዲትሪክሰን» እያለ ነው፣ ስለዚህ «እርስዎ»። ከዚያ የፍጥነት ገደቡ ጨዋታ ይመጣል፤ እሷ በዚህ ክፍለ ሀገር ገደቡ 45 ማይል ነው ትላለች፣ እሱ እንደ አጥፊ ሹፌር ይመልሳል፣ እሷ ትራፊክ ፖሊስ ትሆናለች። ብዙ ሰው እዚህ ጋ መሽኮርመም ስለጀመሩ ወደ «አንቺ» ይገባል። አትግቡ። ትራፊክን «እርስዎ» ነው የሚሉት! አክብሮቱ ራሱ ነው ማሽኮርመሚያው፤ አማርኛ እዚህ ከእንግሊዝኛው የበለጠ መሣሪያ አለው።

«አንቺ» የምትመጣው በሌላ ቀን፣ ባልየው ሳያውቅ ኢንሹራንስ ይገባለት ይሆን ብላ ስትጠይቀው ነው። ያኔ ምን እንዳሰበች ይገባውና ይቆጣል። አክብሮቱ የሚወድቀው በንቀት ነው። በዚያው ምሽት አፓርትመንቱ ስትመጣ ያችው «አንቺ» የፍቅር ትሆናለች። ቃሉ አልተለወጠም፣ ሰውየው ነው የወደቀው።

አንድ ዕድለኛ ቃልም አለን። ፊሊስ ከደረጃው ስትወርድ ካሜራው የሚከተለው የእግሯ ጌጥ ነው፤ ስሟ ተቀርጾበታል፣ ኔፍም ዓይኑን ከሱ ላይ ማንሳት አቅቶት ይጠይቃታል። «የእግር ሰንሰለት» እያሉ የጻፉ አሉ። አልቦ ነው! አልቦ የሚለውን ቃል አንዴ የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ሙሽራውንም፣ ዘፈኑንም፣ ኮቴውንም አብሮ ይሰማል። ይህን ቃል ትቶ ሰንሰለት ማለት ያሳዝናል።

ክብሪት

በአልቦው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። «ቤቢ»ንስ? ኔፍ አፉ ላይ የለመደበት ነው። «የኔ ቆንጆ»፣ «ውዴ»፣ «እመቤቴ» ሁሉ ይለሰልሳሉ። የሱ «ቤቢ» ግን ደረቅ ነው፣ ሻጭ ደንበኛውን ትከሻ እንደሚነካ ዓይነት።

ፊደል ቆጣሪ

«ቤቢ» ብሎ መተው ይሻላል። ማንም ይረዳዋል፣ የከተማ አማርኛም አለው። እንዲያውም በየቦታው ሳይሆን ከሦስቱ አንዱን ብቻ አስቀሩ፤ የአማርኛው ግስ «አንቺ»ነቱን ስለተሸከመ መደጋገሙ ቦታ ይበላል።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። የካሳ ክፍሉ ኃላፊ ስም «ኪስ» ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ። ሰውየው በየትዕይንቱ ክብሪት ፍለጋ ኪሱን የሚደባብስ ሰው ነው፤ አንባቢ «ኪስ ኪሱን ፈተሸ» ብሎ ያነባል። «ኪዝ» ነው፤ አነባበቡም እንደዚያው ነው።

ሦስተኛ ረድፍ

ኔፍ ኪዝን ምን ይበለው? በዕድሜም በሥልጣንም ይበልጠዋል። በአማርኛ ቢሮ «እርስዎ» ነው።

ክብሪት

«አንተ»፣ ያለ ጥርጥር። ሲጋራውን የሚያቀጣጥልለት ኔፍ ነው፤ ክብሪቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር እየጫረ፣ በፊልሙ ሁሉ። መጨረሻ ላይ ኔፍ ደሙ ፈሶ በሩ ሥር ሲወድቅ ክብሪቱን የሚጭርለት ኪዝ ነው። ያ መገልበጥ እኩዮች መካከል ካልሆነ አለቃ ለታናሹ የሰጠው ቸርነት ይመስላል። «እርስዎ» ሁሉን ያበላሸዋል።

ስለ መውደድ የሚሉት ነገርም አለ። ኔፍ ገና መጀመሪያ ላይ እንደ ቀልድ «እኔም እወድሃለሁ» ይለዋል፣ መጨረሻ ላይ ያንኑ ይደግመዋል፣ ያኔ ቀልድ አይደለም። ትርጉሙ ሁለቱም ቦታ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። አንዱ ጋ «እኔም እወድሃለሁ»፣ ሌላው ጋ «እኔም እንደዚያው» ካላችሁ ፊልሙ መጨረሻውን ያጣል። «ማፍቀር» ደግሞ እንዳትሉ። «መውደድ» ወንድምንም ወዳጅንም ይይዛል፣ ያለ ማብራሪያ።

ጥላ ወዳድ

ከሁሉ የሚያስቸግረው ተደጋጋሚ ቃል ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ፍቅረኞች ቃል የሚገባቡት «እስከ መስመሩ መጨረሻ ቀጥ ብለን» በሚል ዓይነት አነጋገር ነው። በኋላ ኪዝ፣ ማን እንደገደለ ሳያውቅ፣ ለኔፍ ራሱ ያስረዳዋል፦ ሁለት ሰው አብሮ ሲገድል እንደ ከተማ ባቡር አይደለም፣ አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ መውረድ አይችልም፣ መጨረሻው ድረስ አብረው ነው፣ መጨረሻው ደግሞ መቃብር ነው። ቃሉ አንድ ካልሆነ ኔፍ ለምን እንደሚደነግጥ አይገባም። «እስከ መጨረሻው ፌርማታ» ብንልስ?

ፊደል ቆጣሪ

«ፌርማታ» ለኪዝ ልክ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2015 ከጀመረ ወዲህ ምስሉም ቅርብ ነው፤ ተሳፋሪ፣ መውረጃ፣ መጨረሻ። ለፍቅረኞች ግን አይሆንም። በሹክሹክታ «እስከ ፌርማታው» የሚል የለም።

ማጠፊያው «መስመር» ይሁን። እነሱ «ከመስመር ሳንወጣ፣ እስከ መጨረሻው» ይበሉ። ኪዝ «አንዴ መስመሩ ላይ ከወጡ በተለያየ ፌርማታ መውረድ የለም፤ የመስመሩ መጨረሻ መቃብር ነው» ይበል። «መስመር» የሐዲዱም የቃል ኪዳኑም ይሆናል፣ «ፌርማታ» ደግሞ የኪዝ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የግሱን ቦታ ግን ጠብቁ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ስለሚያመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ስክሪን ሲከፈል የመጀመሪያው ስክሪን ባዶ ይሆናል፣ ሁለተኛው ሁሉን በአንዴ ይናገራል። ኪዝ ሲናገር «መቃብር» የሚለው ከአፉ ሲወጣ ብቻ ስክሪኑ ላይ ይውጣ። ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር መስበር ይሻላል። መስመሩ ከ30 ፊደል ባይበልጥ፣ ከሁለት መስመር በላይ ባይሆን፣ አንዱ ጽሑፍ ከ1 ሰከንድ ባያንስ ከ6 ባይበልጥ። ቀለሙ ሙሉ ነጭ አይሁን፤ ጨለማ ትዕይንት ላይ ነጭ ጽሑፍ የዓይንን ብሌን ስለሚያጠብ ጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ይጠፋል። ፈካ ያለ ግራጫ ከጥቁር ጠርዝ ጋር።

ሦስተኛ ረድፍ

ሰብታይትሉ መጀመሪያ ልክ ሆኖ እየቆየ የሚቀድመውስ?

ጥላ ወዳድ

ከላይ ያልነው 24 እና 25 ነው። ለአውሮፓው ዲቪዲ የተሠራ ሰብታይትል በ23.976 ፍሬም በሚሄድ ፋይል ላይ ሲጫን በ10 ደቂቃ 25 ሰከንድ ያህል ይቀድማል፣ ወደ መጨረሻው ከ4 ደቂቃ በላይ። ወደ ኋላ መግፋት አይፈታውም፤ ሰዓቶቹ በ1.0427 መባዛት አለባቸው። «ሰብታይትል ኤዲት» በተባለው ፕሮግራም ውስጥ የፍሬም መጠን መቀየሪያው ይህን ያደርጋል፣ ከ25 ወደ 23.976። ከመጀመሪያው ጀምሮ በእኩል መጠን ከሆነ የሚሳሳተው ግን መግፋት ብቻ ይበቃል።

ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ። ፊደሉ ትርጉም በሌላቸው የላቲን ምልክቶች ከተተካ ኢንኮዲንጉ ነው፤ ባዶ ሳጥን ከሆነ ፎንቱ ነው፣ «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ወይም «ኒያላ» ምረጡ። ብዙ ቴሌቪዥኖች በፍላሽ ሲሰካ ፊደላችንን አያውቁም። ለነሱ ሃንድብሬክ በተባለው ፕሮግራም ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም ነው መፍትሔው።

የብርሃን ልኬት

የምታትሙ ከሆነ ጽሑፉን ከምስሉ ታች ወደ ጥቁሩ ለማውረድ አትሞክሩ፤ ይህ ፊልም ጥቁሩ ግራና ቀኝ ነው እንጂ ታች አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ፊሊስ ከኔፍ በር ኋላ የምትደበቅበትን ትዕይንት ስትሠሩ ደግሞ ጽሑፉን ወደ ላይ አንሱት። በሩ ወደ ውጪ መከፈቱ ለአፓርትመንት ያልተለመደ ነው፣ ዋይልደር ግን እሷን ለመደበቅ ያስፈልገው ነበር። ኪዝ ወደ አሳንሰሩ እየሄደ ነው፣ እሷ ከበሩ ጀርባ እጀታውን ሳብ ታደርጋለች፣ ኔፍ በመካከል ቆሟል፤ የእጇ እንቅስቃሴ ከምስሉ ወገብ በታች ስለሆነ ሁለት መስመር ጽሑፍ ሊሸፍነው ይችላል።